ጥርስ ለመሞረድ ያልቸኮሉ ሐኪም፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ የሚሠሩ ሐኪምን ለማመስገን ነው። ታናሽ እህቴ ዛሬ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ትስቃለች። ለዚህ ያበቋት እሳቸው ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ቃላቸውን አክብሬያለሁ፤ ሥራቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይና በዙሪያው ያደጋችሁ፣ እንዲሁም ለሠርግ ወይም ለሥራ ብላችሁ ጥርሳችሁን ለማሳመር የምታስቡ ሁሉ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኛ የወንጂ ልጆች ነን። አባታችን በስኳር ፋብሪካው ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። በአካባቢው ያደገ ሰው የጥርስ መበለዝን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል፤ የሠፈሩ ልጅ ግማሹ ጥርሱ ቡናማ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከሠፈር ሲወጡ ነው። እህቴ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የመኝታ ክፍል ጓደኞቿ «ጥርስሽን አትፍቂም እንዴ?» ብለዋታል። በቀን ሁለት ጊዜ የምትቦርሽ ልጅ ናት! ከዚያ ወዲህ ስትስቅ እጇ ወደ አፏ መሄድ ጀመረ፤ ፎቶ ላይም ከንፈሯን ገጥማ ነበር የምትቆመው።

ሐኪሟ ገና በመጀመሪያው ቀን ያነሡት ይህንኑ ነው። «ይህ የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ የውኃው ነገር ነው» አሏት። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ ሞልቷል። ቋሚዎቹ ጥርሶች ገና ድድ ውስጥ ሳሉ፣ ማለትም ከሕፃንነት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ፣ ልጁ ያንን ውኃ ሲጠጣ ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን በቅጡ ሳይጠነክር ይቀራል። ጥርሱ ሲወጣ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ግርፋት ይታይበታል፤ ቡናማው ቀለም የሚገባው በኋላ ነው። ጉዳቱ ሲጠነክር ደግሞ ሽፋኑ ይቦረቦራል። በአሜሪካ ኮሎራዶም ተመሳሳይ የበለዘ ጥርስ ነበረ። ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ ምክንያቱን ሲፈልግ ኖሮ፣ ፍሎራይድ መሆኑ የተረጋገጠው በ1931 ነው። ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው አስረዷት። እህቴ ያን ቀን አለቀሰች። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ከሐኪም አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ በፊት ሌላ ክሊኒክ ሄደን ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሠርጓ ለጥር ተቆርጦ ስለነበር ቸኩላለች። እዚያ ራጅ አልተነሣችም፣ ድዷም አልታየም። በስልክ የታዋቂ ሰዎች ፎቶ አሳዩአትና የላይኞቹን አሥር ጥርሶቿን ሞርደው ክራውን በሚባል፣ ጥርሱን ዙሪያውን በሚያለብስ ሽፋን ሊሸፍኑላት፣ «የሠርግ ቅናሽ» ሊያደርጉላትም ተስማሙ። ሥራው በአንድ ሳምንት ያልቃል ተባለ። ቀብድ ዛሬውኑ ክፈሉ ሲሉን ቤት ሄደን እንማከር ብለን ወጣን።

አዲሷ ሐኪማችን ይህን ሲሰሙ ክሊኒኩን አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ክራውን ምን እንደሆነ ግን በወረቀት ላይ ሥለው አሳዩን። ለሙሉ ክራውን ሲባል ከድድ በላይ ከሚታየው የጥርስ አካል ከ63 እስከ 72 በመቶ የሚሆነው ተሞርዶ እንደሚነሣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ለክቷል። ከፊት ብቻ የሚለጠፈው፣ ቪኒር የሚባለው ስስ ሽፋን ግን እንደ አሠራሩ ከ3 እስከ 30 በመቶ ነው የሚያስነሣው። ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ሲወጣ አብረው ስለሚጠፉ የተሞረደው ተመልሶ አይበቅልም። አጥንት ይጠግናል፣ ቆዳ ይድናል፤ ኢናሜል ግን አንድ ጊዜ ከሄደ ሄደ ነው። ጠልቆ የተሞረደ ጥርስ ነርቩ ሊቆጣና የሥር ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ክራውኑም ዕድሜ ልክ አይቆይም፤ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ በሕይወት ዘመኗ ደጋግማ ልታስቀይረው ነው። «ያልታመመ ጥርስ ነው ያለሽ» አሏት፣ «ቀለሙ ነው የከፋሽ። ከትንሹ እንጀምር፤ ትንሹ ካልበቃ ወደ ትልቁ መሄድ ሁልጊዜ ይቻላል። ከትልቁ ወደ ትንሹ ግን መመለሻ የለም።» እኔ ሰውን ሁሉ ወደ እሳቸው የምልከው ለዚህ አነጋገር ነው።

ጥርሷን ከመንካታቸው በፊት ብዙ ጠየቋት። ሌሊት ጥርስ ታፋጫለሽ? እርግዝና አለ ወይስ ታስቢያለሽ? ሆድሽ ቃር ይልሻል? ሎሚና ለስላሳ ታዘወትሪያለሽ? ቀዝቃዛ ውኃ ይጠዘጥዝሻል? ራጅ ተነሣች። ድዷ ሲነካ ይደማ ስለነበር መጀመሪያ ጥርሷ ታጠበ፤ ድዱ እስኪድንም ተጠበቀ። የሚደማ ድድ ላይ የውበት ሥራ መሥራት ገንዘብ መጣል ነው፤ ማጣበቂያው በደምና በእርጥበት መካከል በቅጡ አይዝም፣ ድዱ ሲሸሽም ጠርዙ ይጋለጣል። ከዚያ የጥርሷን ቀለም በመስኮት ብርሃን ከናሙናዎች ጋር አስተያይተው ፎቶ አነሡት።

እህቴ ፍንጭት ናት። ሐኪሟ «ፍንጭትሽ ይዘጋ ወይስ ይቅር?» ብለው ሲጠይቋት እኔም እሷም እኩል ደነገጥን። የእናታችን፣ የአያታችንም ፍንጭት ነው፤ እኛ አገር ስንቱ የተዘፈነለት ውበት! በፊተኛው ክሊኒክ ማንም አልጠየቃትም፤ በአሥሩ ክራውን ውስጥ ተደፍኖ ይቀር ነበር። የውበት ሥራ የምታሠሩ ሁሉ ይህን አስቡበት። ከስልክ ፎቶ የተቀዳ ጥርስ ለሌላ ሰው ፊት የተሠራ ነው። እንዲቀር የምትፈልጉትን ሥራው ሳይጀመር በግልጽ ተናገሩ።

ሕክምናው በደረጃ ነበር። መጀመሪያ ማይክሮአብሬዥን የሚባለው ተሠራላት፤ ደቃቅ ዱቄት ከተመጠነ አሲድ ጋር ተደባልቆ የጥርሱ ገጽ በስሱ ይታሻል። የሚነሣው የሚሊ ሜትር ጥቂት አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ ላይ ላዩን ያለው ቡናማ ቀለም ብዙው በዚህ ለቀቀ። ቀጥሎ ለጥርሷ ልክ የተሠራ ስስ የፕላስቲክ ማቀፊያ ተሰጥቷት 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ያለው ጄል እያደረገችበት ታድር ጀመር። ይህ መጠን ሲሟሟ 3.5 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሰጣል፤ ለስላሳና ለረጅም ጊዜ የተሞከረ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ነጫጮቹ ነጠብጣቦች ይበልጥ ጎልተው ወጡና ሁላችንም ተጨነቅን። ሐኪሟ ግን ይህ እንደሚመጣ አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ የቀረው ጥርስ እየነጣ ሲሄድ ልዩነቱ ጠበበ። ጥርሷ ሲጠዘጥዛት አንድ ቀን እየዘለለች እንድትጠቀም አደረጉ። ቡና፣ ሻይ፣ ቀይ ወጥና እርድ የበዛበት አልጫ በዚያ ሰሞን እንድትቀንስም መከሯት። እናታችን የልጇ ስኒ ሳይቀዳ ረከቦት ላይ ሲቀመጥ እያየች ስንት ቀን አዘነች።

ጥርስ ማስነጣት ሙሌትንና ክራውንን አይለውጥም። ፊት ለፊት ሙሌት ያላችሁ ከሆነ የተፈጥሮው ጥርስ ነጥቶ ሙሌቱ ባለበት ይቀራል፤ ስለዚህ ማስነጣቱ ይቀድማል፣ ሙሌቱ በአዲሱ ቀለም ይከተላል። በመካከል ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ጥርሱ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ማጣበቂያው እንዳይዝ ያደርጋልና። ይህን ሳይጠብቅ በአንድ ቀን ሁሉንም እሠራለሁ የሚላችሁን ሰው ለምን እንደሆነ ጠይቁት። እህቴ ጊዜውን ጠብቃ፣ የቀሩት ነጠብጣቦች ሬዚን የሚባል ስስ ፈሳሽ እንዲጠጡ ተደረገ፤ የተቦረቦሩት ሁለት ጥርሶች ብቻ ኮምፖዚት በሚባል የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ ተሞሉ። አንድም ጥርሷ አልተሞረደም። ጠቅላላ ወጪው በፊተኛው ክሊኒክ ከተጠየቅነው ከሩብ ያነሰ ነው።

ቪኒር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ኢናሜሉ ክፉኛ ለተቦረቦረ፣ ለተሰበረ ወይም በዚህ መንገድ ላልተሻለው ሰው ትክክለኛው መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ እኒሁ ሐኪም ለሌሎች ይሠሩታል። ቪኒር የምታሠሩ ከሆነ ግን ምን ያህል እንደሚሞረድ ጠይቁ። የፖርሴሊን ቪኒር ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ኢናሜል ላይ ሲለጠፍ አጥብቆ ይይዛል፤ ኢናሜሉ አልቆ ከሥሩ ባለው ዴንቲን በሚባለው የጥርስ ክፍል ላይ ከተለጠፈ ግን የመልቀቅ ዕድሉ ይጨምራል። ሳይሞረድ በፊት በጥርሳችሁ ላይ ጊዜያዊ ሙከራ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ፤ በመስታወት አይታችሁት፣ አውርታችሁበት፣ «ሰ» እና «ፈ» ያሉባቸውን ቃላት ብላችሁበት ወስኑ። በኮምፖዚት የሚሠራው ቪኒር ርካሽ ቢሆንም ቶሎ ቀለም ይይዛል። ሌሊት ጥርስ የሚያፋጭ ሰው የሌሊት መከላከያ ከሌለው ሁለቱንም ሊሰብራቸው ይችላል። ዋጋው፣ የዕቃው ዓይነት፣ ቢሰበር ማን እንደሚጠግነውም በጽሑፍ ይሁን። እኛ ይህን ሁሉ ሳንጠይቅ በወረቀት ነው የተሰጠን።

ከዱባይ፣ ከቤይሩት ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት መጥታችሁ ጥርስ የምታሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ሥራውን ለመመለሻችሁ ሳምንት አታቆዩት። ቪኒርም ሆነ ክራውን ከተገጠመ በኋላ አነካከሱ መስተካከል አለበት፤ ጥርሱ ቢጠዘጥዝ ወይም ድዱ ቢያብጥ የሠራው ሐኪም ማየት አለበት። አውሮፕላን ላይ ሆናችሁ ይህ አይሆንም። የአክስታችን ልጅ ለሁለት ሳምንት መጥታ ስትጠይቃቸው ሐኪሟ ጥርሷን አጥበው፣ የተቦረቦረውን ሞልተው፣ «የቀረውን ረጅም ጊዜ ይዘሽ ስትመጪ» ብለው መለሷት። ገንዘቡን ይዛ የመጣች ደንበኛ ናት፤ እምቢ ያሏት ለእሷው ብለው ነው።

ጥርስን በሎሚ፣ በከሰልና በአመድ ማሸት ደግሞ ይቅርባችሁ። ሎሚው ኢናሜሉን ያሟሟል፣ ከሰሉና አመዱ ይፍቀዋል። ኢናሜሉ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቢጫው ዴንቲን ስለሚታይ ጥርሱ ጭራሽ ቢጫ ይሆናል። ምን ያህል ኬሚካል እንዳለበት ያልተጻፈበት የማንጫ ጄልም አትግዙ። በአውሮፓ ኅብረት ከ0.1 በመቶ በላይ እስከ 6 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለው ማንጫ የሚሸጠው ለጥርስ ሐኪም ብቻ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም አይሰጥም። መፋቂያ ግን፣ ጫፉ ለስላሳ ሆኖ ድድ የማይወጋ ከሆነ፣ ሐኪሟም ወደውታል።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን ስለ ልጆቻችን ስላሰቡ ነው። የወንድማችን ሚስት ወንጂ እንደምትኖርና ትንንሽ ልጆች እንዳሏት ሲሰሙ የእህቴን ሕክምና አቁመው ስለ ውኃው ይጠይቁን ጀመር። ውኃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውኃው ሲተን ጭራሽ ያበዛዋል። የዝናብ ውኃ ፍሎራይዱ በጣም አነስተኛ ስለሆነ በንጹሕ ዕቃ ተጠራቅሞ ለልጆች መጠጥና ምግብ ቢውል፣ ወይም በአጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ ቢገኝ፣ ገና ድድ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ይድናሉ። ስንት ሰው የሚከፍለው ሕክምና በአንድ ጀሪካን የዝናብ ውኃ ሊቀር ይችላል! አንድ የውበት ሐኪም ነገ ወደ እሳቸው ሊመጡ የሚችሉ ደንበኞችን እንዳይመጡ ሲመክሩ ሳይ ልቤ ተነካ። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልን፤ እጅዎ ይባረክ።

የክሊኒኩን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ሳትደውሉ አትሂዱ፤ የመጀመሪያው ቀን ምርመራና ምክር ብቻ ስለሆነ ያንኑ ዕለት ይሠራልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ቀድሞ የተነሣችሁት ራጅ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ዝርዝርና የልጅነት ጥርሳችሁ የሚታይበት ፎቶ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የት አካባቢ እንዳደጋችሁም ንገሯቸው፤ ስለ ውኃው ይጠይቋችኋል።