ብልጭ የሚለው 0:00 ሊያስፈታኝ የነበረው ኦቨን

ይህን የኤሌክትሪክ ኦቨን ከገዛሁ ስምንት ወሬ ነው። እኩል ያበስላል፣ ለጽዳትም አያስቸግርም። የምጽፈው ግን ባለፈው ወር ስለገጠመኝ ነገር ነው።

ሌሊት መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ነበር። ጠዋት ሊጡ ኩፍ ብሎ እየጠበቀኝ ማዞሪያውን 180 ዲግሪ ላይ አደረግሁ። የውስጡ አምፖል በራ፤ ሙቀት ግን የለም። ሰዓቱ ላይ 0:00 ብልጭ ድርግም ይላል። አየሁት፣ አለፍኩት።

ብሬከሩን አየሁ፤ አልወደቀም። (ወድቆ ቢሆን ኖሮ እስከ መጨረሻው አጥፍቼ አንድ ጊዜ ብቻ እመልሰው ነበር። ደግሞ ከወደቀ ውስጥ ችግር አለና እየደጋገሙ ማብራት አይገባም።) የልጆች መቆለፊያውንም አየሁ፤ አልተቆለፈም። በመጨረሻ ጥገና ባለሙያ ዘንድ ደወልኩ። ኦቨኑን ሳያይ «ማሞቂያው ተቃጥሏል፣ ተፈትቶ ይቀየራል» አለኝ። እሺ ብዬ ቀጠርኩት።

እርሱን ስጠብቅ የአጠቃቀም መመሪያውን አገላበጥኩ። ከኋላ ገጾቹ በአንዱ፣ በደቃቅ ፊደል፣ አንዲት መስመር አገኘሁ፦ ሰዓቱ ካልተሞላ ኦቨኑ አይሞቅም። ሰዓቱን ሞላሁ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ማራገቢያው ተነሣ፣ ጥቂት ቆይቶ የበሩ መስታወት ሞቀ። ባለሙያውን እንዳይመጣ ነገርኩት።

ወንድሜ ሻጩ፣ ስለ ዘጠኙ የማብሰያ ዓይነቶች ግማሽ ሰዓት ስታስረዳኝ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ምን ከለከለህ? «የብዙ ኦቨኖች ጠባይ ነው» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዲጂታል ሰዓት ያላቸው ብዙዎቹ መብራት ሲቋረጥ እንዲህ ያደርጋሉ። እንዲያውም ሰው በሌለበት ቤት መብራት ሲመለስ ኦቨን በራሱ ባይግል እመርጣለሁ። የብዙዎቹ ጠባይ ከሆነ ግን ገና ሳልከፍል ልትነግረኝ ይገባ ነበር። ደህና ዕቃ ሊያስፈታኝ የነበረው ዝምታህ ነው።

ሰዓቱ ተሞልቶም ካልሞቀ፣ ቀጠሮ የተያዘለት አውቶማቲክ ማብሰያ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ማየት ነው፤ ያኔ የተሞላው ሰዓት እስኪደርስ አይነሣም። ከዚያ ወዲያ እጄን አላስገባም። 3,000 ዋት የሚወስድ ኦቨን በ230 ቮልት 13 አምፔር ያህል ይስባል፤ የጀርባውን ክዳን መፍታትም ሆነ በማራዘሚያ ገመድ መሞከር የእኔ ሥራ አይደለም። የተቃጠለ ነገር ቢሸት ወይም ሶኬቱ ጠቁሮ ባይ፣ ሶኬቱን ሳልነካ ከብሬከሩ አጥፍቼ ባለሙያ እጠራለሁ፤ ሳያይ የሚፈርደውን ግን አይደለም።

ኦቨኑን አልመልስም፤ ዛሬ ልግዛ ብል ያንኑ እገዛለሁ። ያችን መስመር በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከኦቨኑ በላይ ባለው ቁም ሣጥን በር ላይ ለጥፌአታለሁ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለቱንም ጊዜ ሰዓቱን የሞላችው ልጄ ናት።