ቮልሷ ያደረችበት ግቢ፦ ጅማ ውስጥ ስላለ አንድ የቤት ጋራዥ

አባቴ የተወልኝ መኪና ሰማያዊ ቮልስ ናት። ሞተሯ 1300 ነው። አባቴ የቡና ባለሙያ ነበር፤ አጋሮና ሊሙ ሲመላለስ የኖረው በእሷ ነው። እሱ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። አሁን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የምመላለስባት፣ ቅዳሜ ሂርማታ መርካቶ የምወጣባት እኔ ነኝ። ስለ መኪና ብዙ አላውቅም ነበር። እንድትቆይልኝ ግን በጣም እፈልጋለሁ።

ጋራዡ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ፣ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ነው። ታፔላ የለውም። ባለቤቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ረጅም ዓመት መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። እዚያ የምንመላለስ ሰዎች ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የሚሠሩት አሮጌ መኪና ብቻ ነው፦ ቮልስ፣ ፔጆ 404፣ ፊያት፣ የድሮ ላንድሮቨር። ኮምፒውተር ያለውን መኪና አይነኩም።

እሳቸው ጋ የሄድኩት ተቃጥዬ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከጅማ ውጭ በሚገኝ አንድ ትልቅ ጋራዥ ሰርቪስ አስደርጌ ነበር። ቮልስ የምትይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ነው። እነሱ አራት ሊትሩን ጋሎን እንዳለ ገለበጡባት። ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚወርድበት ክብ ክዳን አለ፤ ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች ናቸው የያዙት። እነሱንም ባላቸው ጉልበት ሁሉ አጠበቋቸው። የሁለቱ ጥርስ ተበላ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት የጊቤን በረሃ አልፌ ወደ ሶኮሩ ስወጣ ሞተሩ ሲደክም ብቻ ነው። የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ጥግ ይዤ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ጠበቅኩና እያዘገምኩ፣ መንገድ ላይ ዘይት እያንጠባጠብኩ ጅማ ገባሁ።

ጋሼ መጀመሪያ ቀን ቁልፍ አላነሱም። በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተሩን እንዳስነሳ ነገሩኝ። አዳመጡ። «አጥፊያት» አሉኝ። ከዚያ፣ «ዛሬ አልነካትም። ትደርልኝ።»

ደነገጥኩ። የአባቴን መኪና የማላውቀው ሰው ግቢ ትቼ መሄድ ከበደኝ። «ጋሼ፣ አሁን ቢያዩልኝስ? እኔ እጠብቃለሁ» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ የዚች መኪና ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ድንጋይ ሲሆን ነው። አሁን ብለካው ውሸት ነው የምነግርሽ» አሉኝ።

ይህን የሚል ጋራዥ ከዚያ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም። ሌላው ቦታ መኪና የሚገባው ጠዋት ነው፣ የሚወጣው ማታ ነው። እንደጋለ ይከፈታል፣ እንደጋለ ይዘጋል። ብረት ሲግል ይለጠጣል፤ ክፍተቱም ይለወጣል። ቫልቭ አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባ፣ ጭሱንም የሚያስወጣ በር ነው። በዚች ሞተር ላይ በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት በቀዝቃዛው 0.10 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከወረቀት ብዙ የማይወፍር ነገር ነው። ጋሼ መኪና የሚያሳድሩት ለዚህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቡና ሳይፈላ፣ ማንም ሞተሩን ሳይነካ ይለኩታል።

በማግስቱ ማልጄ ሄድኩ። ስስ የብረት ምላጩን አስያዙኝ። የመጀመሪያውን ሲሊንደር በእጄ እንድሞክር አደረጉኝ፤ ምላጩ ትንሽ እየያዘ ገባ። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ላይ ምላጩ ጨርሶ አልገባም። ክፍተቱ ጠፍቷል። ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ እየሠራ ነበር ማለት ነው። እንደዚያው ብነዳት ኖሮ ይቃጠል ነበር።

ለምን ሦስተኛው? ይህን ሲያስረዱኝ ግማሽ ሰዓት አልፏል፤ አንዷም ደቂቃ አልቆጨችኝም። ቮልስ ራዲያተር የላትም። የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ቺንጋው፣ ማለትም የጎማ ቀበቶው፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዲናሞ ያዞራል፣ በዲናሞው ሌላ ጫፍ ላይ ደግሞ ማራገቢያው ተገጥሟል። በእኔዋ ዘመን በተሠሩት ሞተሮች ላይ ዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ በሚነፍሰው አየር መንገድ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ለሦስተኛው የሚደርሰው አየር ከሌሎቹ የሞቀ ነው። ኋላ ላይ ፋብሪካው ራሱ ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ አንስቶታል። የእኔዋ ላይ ሌላም ነገር ተጨምሮ ነበር። ጋሼ የማራገቢያውን ሽፋን ሲፈቱ አይጥ የሠራችው ጎጆ ወጣ፦ ሣር፣ የጆንያ ክር፣ የቡና ገለባ። አየሩ መንገድ አልነበረውም። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማም አልቆ፣ ከሥር ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ ይገባ ነበር።

ግቢው ራሱ ይወራለታል። ሁለት መኪና የሚያስጠልል ቆርቆሮ አለ፤ ከሥሩ ሲሚንቶ ነው። መኪና ሥር የሚገቡበት ጉድጓድ አለ። ሥራ በሌለበት ሰዓት በወፍራም ሳንቃ ይሸፈናል፣ የልጅ ልጆቻቸው እዚያው ስለሚጫወቱ። የተፈታ ዳዶና ቡሎን ሁሉ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይገባል፤ በቆርቆሮው ላይ የመኪናው ታርጋ በጠመኔ ይጻፋል። የእኔዋ አራት ቆርቆሮ ሆና አየኋት። ስትገጠም የተረፈ አንድም ዳዶ አልነበረም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መዶሻ አይነሳም፤ ጎረቤት ሕፃን አለ።

የኋላ ወንበሯን አንስተው ባትሪውን ሲያዩ ሌላ ነገር አሳዩኝ። ከወንበሩ ሥር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ብረት ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። በ117 ይጀምራል። 11 ዓይነቷ ነው፤ 7 ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል መሆኗን ይናገራል። አባቴ ሁልጊዜ «የ66 ናት» ይል ነበር። ይህን ልነግረው ብችል እንዴት ደስ ባለኝ።

የዘይት መውረጃውን ክዳን ጥርሱ ከተበላው ዳዶ አላቀው፣ ሁለቱን ቡሎኖች ቀይረው፣ ዘይት የሚያግድ ስስ ጓርኒሲዮንና የመዳብ ቀለበቶች አድርገው ገጠሙት። ሲያጠብቁ 10 ቁጥር ቁልፉን ጫፉ ላይ አይይዙትም፤ ራሱ አጠገብ፣ በሁለት ጣት ነው። «ይሄ ጉልበት አይፈልግም» አሉኝ። ዘይቱን በሊትር እየለኩ አስገቡ። እሳቱን የሚሰጡት ካንዴላና ፑንቲና ተቀየሩ፣ ሚኒሞ፣ ማለትም መኪናዋ ቆማ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ተስተካከለ። ቺንጋውን ራሴ እንድቀይር አስተማሩኝ። ቀዩ የዲናሞ መብራት እየነዳሁ ከበራ ወዲያው እንድቆም አስጠነቀቁኝ። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ማራገቢያውም ቆሟል፤ «ትንሽ ልሂድ» ማለት ሞተሩን መግደል ነው።

ዋጋ። ለእጅ 2,800 ብር፣ ለክዳኑ ሥራ ለብቻው 1,500 ብር ከፈልኩ። ዕቃ የገዛሁት እኔ ነኝ። ጅማ ያልተገኘው ከአዲስ አበባ፣ ከሱማሌ ተራ በአውቶቡስ መጣ። ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ ምርቷ እስኪቆም ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች ዕቃዋ አሁንም ይገኛል። ጥራቱ ግን አንድ አይደለም። ጋሼ መጀመሪያ የመጣልኝን ፑንቲና አይተው መልሺው አሉኝ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፤ ሳልጠይቅ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ቫልቩን በነፃ ደግመው ለኩልኝ። በእርግጥ ለዚያም አደረች።

አሁን ቅር ያሉኝን ልናገር፤ ሰው ሄዶ እንዳይቸገር። ሁለት ቀን ብለውኝ አምስት ቀን ነው የፈጀው፤ ሦስቱ ዕቃ ጥበቃ ነው። ሥራ ላይ ሆነው ስልክ አያነሱም፣ ያለቀጠሮ መሄድም ከንቱ ነው። ደረሰኝ የለም። ለመሥሪያ ቤት መኪና ወይም ወጪውን በወረቀት ለሚያወራርድ ሰው አይሆንም። ዝናብ ሲሆን፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ይታወቃል፣ ከበሩ እስከ ቆርቆሮው ያለው መሬት ጭቃ ነው፤ ዝቅ ያለች መኪና ትያዛለች። ሦስተኛ ሆና የገባች መኪና የምትቆመው አቮካዶው ሥር ነው። ፍሬው በሚረግፍበት ወቅት ኮፈኑ ላይ ጆንያ ካልተነጠፈ ጉድ ነው፤ እኔ ከቤት ወፍራም ብርድ ልብስ ይዤ ሄጃለሁ። የቆርቆሮና የቀለም ሥራም አይሠሩም። የቮልሷ በር ሥር ዝገት አለ፤ እሱን ሌላ ቦታ ማሠራቴ የማይቀር ነው።

ሞተር ግን ሌላ ቦታ አልወስድም። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠግኖ መያዝ የሚፈልግ ሰው በዝቷል፤ የጋሼም ወረፋ እየረዘመ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ብትሄዱ ሦስት አራት ባለመኪና ተቀምጦ፣ ቡና እየጠጣ የሌላውን ሞተር ሲያዳምጥ ታገኛላችሁ። አንድ ባለ ፔጆ 404 ሰውዬ ካርቡራቶሬ እንዴት እንደሚጸዳ ያሳየኝ እዚያ ነው።

ባለፈው ወር እንደገና ወልቂጤ ደርሼ ተመለስኩ። የሶኮሩን ዳገት ከሰዓት በኋላ፣ በሙቀቱ ነው የወጣሁት። ሳልቆም ወጣሁት። ላይ ደርሼ ሞተሩን ከፈትኩ፤ የዘይት ሽታ የለም፣ ከሥሯም ጠብታ የለም። ለጋሼ ደወልኩላቸው። እንደተለመደው አላነሱም። ማታ መልሰው ደወሉና መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። ለጥቅምት የፍሬን ቀጠሮ ሰጥተውኛል፤ ሁለት ሌሊት ታድራለች ብለዋል።