ለውሃ ዳር አስፋልት የትኛው ብስክሌት? የውድድር ኮርሳ፣ የረጅም መንገድ ኮርሳ፣ ግራቭልና ቀጥ መሪ ጎን ለጎን

በወንዝ ዳርና በቦይ ዳር የተነጠፈ መንገድ ከሩቅ ሲያዩት ለብስክሌት የተፈጠረ ይመስላል፤ ዳገት የለው፣ መኪና የለው። ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። መንገዱ ለጥ ያለ ስለሆነ ቀላልና ፈጣን የተባለውን መርጦ፣ ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ኮርሳ ይዞ ይመለሳል። የውሃ ዳር መንገድ ግን የራሱ ጠባይ አለው። የዛፍ ሥር አስፋልቱን ከታች ገፍቶ ያሳብጠዋል። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ስስ ደለል ይተኛበታል። ድልድይ ሥር ፀሐይ ስለማይደርስ አረንጓዴ ሽበት ይበቅላል፤ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የቦይ ዳር መንገዶች ብዙዎቹ ድሮ ጀልባ ጎታች ፈረሶች የሚሄዱባቸው ስለነበሩ ጠባብ ናቸው፤ ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚልበት የውሃ በር ባለበት ቦታ ደግሞ አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት፣ አንዳንዴም የድንጋይ ንጣፍ ይገጥማል።

የምናነጻጽረው አራት ዓይነት ነው። የውድድር ኮርሳ ጎንበስ ያሰኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 28 ሚሜ ጎማ ይዞ ከ7 እስከ 8.5 ኪሎ ይመዝናል። የረጅም መንገድ ኮርሳ መሪው ያው ቆልማማ ሆኖ ከፍ ያለ ነው፤ ከ32 እስከ 35 ሚሜ ጎማ ያስገባል፣ ከ8.5 እስከ 10 ኪሎ ይደርሳል። ግራቭል ለፒስታ የተሠራ ነው፤ ከ38 እስከ 45 ሚሜ ጎማ፣ ከ9.5 እስከ 11 ኪሎ። ቀጥ መሪ፣ ሃይብሪድ የሚባለው፣ ቀና ብለው የሚቀመጡበት ሲሆን ከ11 እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። በአንድ ጊዜ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጋልብ ሰው የረጅም መንገድ ኮርሳ ከ32 ሚሜ ጎማ ጋር ሌሎቹን ይበልጣል። ሌሎቹ የሚያሸንፉበት ቦታ እንዳላቸው ግን እናያለን።

ክብደቱን ይተዉት፣ ነፋሱን ያስቡ

ሻጭ ቀድሞ የሚነግርዎት ክብደት ነው። ለጥ ባለ መንገድ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ሲጋልቡ 1 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት የሚጠይቅዎት ጉልበት ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም። በዚያው ፍጥነት ቀና ብሎ በተቀመጠና ጎንበስ ባለ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ30 ዋት ሊያልፍ ይችላል። አየር ለመግፋት የሚወጣው ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ኩብ ነው፤ ከ25 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲሉ የአየሩ ድርሻ በ73 ከመቶ ይጨምራል። ወንዝ ዳር ነፋስ የሚሰብር ነገር እምብዛም የለም፣ ሸለቆውም ነፋሱን አጥብቦ በአንድ አቅጣጫ ይነዳዋል። በነፋስ ጀርባ ሲሄዱ በቀጥ መሪም ደስ ይላል፤ ሲመለሱ ነው ዋጋው የሚታወቀው።

ለጥ ያለ መንገድ ሌላም የማይታይ ችግር አለው፦ ማረፊያ የለውም። ቁልቁለት ስለሌለ ፔዳል ማዞር አይቆምም፤ ዳገት ስለሌለ ከኮርቻ ተነሥቶ መቆም ይረሳል። እጅና መቀመጫ ለሰዓታት አንድ ቦታ ይጫናሉ። በቀጥ መሪ ላይ እጅ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆነው ትንሿና የቀለበት ጣቱ መደንዘዝ ይጀምራሉ። ቆልማማ መሪ ቢያንስ ሦስት መያዣ ይሰጣል፤ ከላይ፣ ፍሬኑ ራስ ላይ፣ ከታች። ቀጥ መሪ ከገዙ ጫፎቹ ላይ ቀንድ መሰል መያዣ ያስገጥሙ፤ በየ10 ደቂቃውም ከኮርቻው ይነሡ።

ጎማ፦ ገንዘብዎን እዚህ ላይ ያውጡ

አራቱን ከምንም በላይ የሚለያቸው የሚያስገቡት ጎማ ስፋት ነው። ቸርኬው በአብዛኞቹ አንድ ነው፤ ጎማው ላይ የሚጻፈው 622 ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ክብ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው፣ 32-622 ማለት ደግሞ ስፋቱ 32 ነው ማለት ነው። ስፋቱ ሲጨምር ንፋሱን መቀነስ ይቻላል፤ የዛፍ ሥር ያሳበጠውን አስፋልት የሚውጠው ይህ ነው።

75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የኋላው ጎማ መነሻ ንፋስ ይህን ይመስላል፦ ለ25 ሚሜ 6 ባር፣ ለ28 ሚሜ 5 ባር፣ ለ32 ሚሜ 4 ባር፣ ለ40 ሚሜ 2.8 ባር። የፊተኛውን በ0.2 ወይም 0.3 ባር ዝቅ ያድርጉት። መንፊያዎ በፒኤስአይ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ጎማውን የሚይዝ ጠርዝ የሌለው አዲስ ዓይነት ቸርኬ ከ5 ባር በላይ አይሞላም። ጎማው ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ቢጻፍም የሚከበረው ትንሹ ቁጥር ነው፤ ካለፉ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል።

ንፋስ ሲያንስ ምን እንደሚሆን ጎማው ራሱ ይናገራል። ሲተነፍስ ከመነዳሪውን አውጥተው ትንሽ ንፉት። ጎን ለጎን ሁለት ጠባብ ቀዳዳ ካዩ እባብ የነደፈው ይመስላል፤ ጎማው የዛፍ ሥር ወይም የድልድይ መጋጠሚያ መትቶ ቸርኬው ከመነዳሪውን ቆንጥጦታል ማለት ነው። እሾህ ፍለጋ ጊዜ አያጥፉ፤ ንፋስ ይጨምሩ ወይም ሰፋ ያለ ጎማ ይግዙ። ቀዳዳው አንድ ብቻ ከሆነ የወጋው ነገር እዚያው ተሰክቶ ሊሆን ስለሚችል የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይዳብሱ፤ በባዶ ጣት ከዳበሱ ስባሪው ጠርሙስ ጣትዎን ይቆርጣል። ይህን ሳያደርጉ አዲስ ከመነዳሪ የሚያስገቡ ሰዎች ብዙም ሳይርቁ እንደገና ይቆማሉ። 25 ሚሜ ያለው ብስክሌት በዚህ መቆንጠጥ ደጋግሞ ይያዛል፤ በ32 ሚሜ ብዙም አይታይም፣ በ40 ሚሜ ደግሞ ንፋሱን ካልዘነጉት ብርቅ ነው።

ታዲያ ለምን 40 አይሆንም? መንገዱ በሙሉ አስፋልት ከሆነ የግራቭል ጎማ ጥርስ እየጮኸ ጉልበት ይበላል። ግራቭል ከገዙ ጥርስ የሌለው 38 ሚሜ ያስቀይሩበት፤ ያኔ ከረጅም መንገድ ኮርሳ ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል። መንገዱ አስፋልት ሆኖ ጀምሮ አፈር የሚሆን ከሆነ ግን ግራቭል ያለ ክርክር ያሸንፋል። ፈረንሳይ ውስጥ ከቱሉዝ እስከ ሴት 240 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ካናል ዱ ሚዲ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ቱሉዝ አጠገብ አስፋልት፣ ከዚያ ወዲያ አብዛኛው አፈርና ጠጠር ነው። የሚጋልቡበትን መንገድ እስከ መጨረሻው ሳያጣሩ አይግዙ።

"በኋላ ሰፊ ጎማ እቀይርበታለሁ" ብለው የውድድር ኮርሳ የሚገዙም አሉ። ቸርኬውን ከሁለት ጎን በሚቆነጥጥ ፍሬን (በቸርኬ ፍሬን) የሚሠሩት ብዙዎቹ 28 ሚሜ ላይ ያበቃሉ፤ የቆዩት 25 ላይ። የተጻፈውንም አይመኑ፤ ሰፊ ቸርኬ ላይ የገባ 28 ሚሜ ጎማ ሲለካ 30 ሊሆን ይችላል። ሱቅ ውስጥ የ4 ሚሜ ብሩጎላ ቁልፍ ይጠይቁና በጎማውና በቴላዮው (በብስክሌቱ አካል) መካከል፣ ከዚያም በፊት ሹካው ሥር ያስገቡት። በነፃነት ካላለፈ ያ ጎማ ለዚያ ቴላዮ ሰፊ ነው። ጭቃ መከላከያ የሚያስገጥሙ ከሆነ ከሚያስገባው ስፋት ላይ 3 ወይም 5 ሚሜ ይቀንሱ፤ 35 የሚያስገባ ቴላዮ ከመከላከያ ጋር 30 ወይም 32 ነው የሚያስገባው። ደለልና የወፍ ኩስ ከመንገዱ ተነሥቶ የውሃ መጠጫዎ አፍ ላይ ስለሚረጭ መከላከያ እንደ ቅንጦት አይታይ። የውድድር ኮርሳዎች አብዛኞቹ የብሎን ቀዳዳ እንኳ የላቸውም።

ፍሬን

ውሻና ሕፃን ድንገት መንገድ የሚገቡበት ቦታ ስለሆነ እዚህ ዲስክ ፍሬን፣ ቸርኬውን ሳይሆን መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ብረት የሚይዘውን፣ እንመክራለን። የቸርኬ ፍሬን ሲረጥብ ሸራው መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው የሚይዘው። የወንዝ አሸዋ ሸራው ውስጥ ሲሰካ ደግሞ ፍሬን በያዙ ቁጥር "ክር…ክር" ይላል፤ ያ ድምፅ ቸርኬው እየተፋቀ ነው ማለት ስለሆነ ሸራውን አውልቀው አሸዋውን በመርፌ ያውጡ።

ከዲስኮቹ በዘይት የሚሠራው ሸራው ሲያልቅ ራሱን ያስተካክላል፤ በሽቦ የሚሠራው በእጅ ማጥበቅ ይፈልጋል፣ ግን መንገድ ላይ መጠገን ይቀላል። ሸራው ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየራል። ዲስክ ከጮኸ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የካቴና ዘይት ነው፤ በመርጫ ሲቀቡ ዲስኩ ላይ ይበናል። ጠብታ ይጠቀሙ።

ማርሽ

ብዙ ግራቭሎች ፊት አንድ ማርሽ ብቻ አላቸው፤ ለምሳሌ ፊት ባለ 40 ጥርስ፣ ኋላ ከ11 እስከ 42 ጥርስ። ፍጥነት አያንስም፤ ፔዳል በደቂቃ 90 ጊዜ ሲዞር 40 በ11 በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የሚያንሰው በማርሾቹ መካከል ያለው መቀራረብ ነው። በዚያው 90 ዙር ኋላ ባለ 15 ጥርሱ 31፣ ባለ 17ቱ 27 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ መካከል የለም። የፊት ነፋስ 29 ሲያስገድድዎት እግርዎ ወይ ይከብደዋል ወይ ባዶ ይሽከረከራል። ፊት ሁለት ማርሽ፣ ባለ 50 እና ባለ 34 ጥርስ፣ ኋላ ከ11 እስከ 30 ባለው ኮርሳ ትንሹን የፊት ማርሽ ይያዙ፤ 13፣ 14 እና 15 በቅደም ተከተል 30፣ 28 እና 26 ገደማ ይሰጣሉ። ለነፋስ ቀን የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

መከላከያ ብረቶችና የጫማ ጫፍ

ሞተር ብስክሌት እንዳይገባ ተብሎ በየመግቢያው የሚተከሉ ጠባብ የብረት በሮች ምርጫውን ይነኩታል። ቆልማማ መሪ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያልፋል፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ቀጥ መሪ ጫፉ ይነካል፣ ጣት ይላጣል። በሕዝብ መካከል በዝግታ ለመሄድ ግን ቀጥ መሪ የተሻለ ነው፤ ዓይን ከፍ ይላል፣ ፍሬኑም ሁልጊዜ ጣት ሥር ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል ለማይበልጥ፣ ሰው ለሚበዛበት መንገድ እሱን ይግዙ።

ዚግዛግ በሮች ላይ የውድድር ኮርሳ ሌላ ጣጣ አለው። የፊት ጎማው ለፔዳሉ ስለሚቀርብ በዝግታ ሲጠመዝዙ የጫማ ጫፍ ጎማውን ይመታል፤ መሪው ይቆለፍና ወደ ጎን ይጥላል፣ ጎኑ ደግሞ ውሃ ነው። ሱቅ ውስጥ በሚጋልቡበት ጫማ ይሞክሩት፦ ሰው ብስክሌቱን ይያዝልዎት፣ ኮርቻ ላይ ይቀመጡ፣ አንዱን ፔዳል ወደ ፊት አግድም ያድርጉና መሪውን ወደ ተቃራኒው ጎን ቀስ ብለው ያዙሩ። በሌላውም እግር ይድገሙት። የሚነካ ከሆነ ከፍ ያለ ቁጥር ቴላዮ ወይም የረጅም መንገዱን ዓይነት ይጠይቁ፤ ጭቃ መከላከያ ሲገባ ክፍተቱ አሁን ካዩት እንደሚጠብም ያስቡ።