አውግስበርግ ወይስ ሴንት ኦላፍ? ለሚኒሶታ ወላጆች

ሚኒሶታ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁ ለኮሌጅ ሲደርስ አስቀድሞ የሚያስበው ትልቁን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። የኖርዌይ ስደተኞች ያቋቋሟቸው ሁለት ትንንሽ የግል ተቋማትም ግን ሊታዩ ይገባል። አውግስበርግ በ1869 እ.ኤ.አ. በዊስከንሰን የሉተራን ሰባኪዎችን ለማሠልጠን ተከፈተ፤ በ1872 ወደ ሚኒያፖሊስ ተዛወረ። ሴንት ኦላፍ ደግሞ በ1874 የስደተኛ ገበሬዎችን ልጆች ለማስተማር በኖርዝፊልድ ተመሠረተ።

ትልቁ ልዩነታቸው ቦታ ነው። አውግስበርግ ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰቦች በሚኖሩበት በሴዳር ሪቨርሳይድ ይገኛል፤ ባቡር በአጠገቡ ያልፋል፤ ትልቅ ሆስፒታልም ጎረቤቱ ነው። ልጅዎ ቤት እያደረ መማር፣ እየሠራም ታናናሾቹን መርዳት ካለበት አውግስበርግ ይሻላል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ነጭ ያልሆኑ ስለሆኑ ልጁ በክፍሉ ብቸኛው ጥቁር አይሆንም። ማስተርስም ይሰጣል። ማኅበረሰባችን ደፍሮ የማያነሳውን ጉዳይም ልጥቀስ፦ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለሚያገግሙ ተማሪዎች ከ1997 ጀምሮ የተለየ መኖሪያና ድጋፍ አለው። በዚህ የተፈተነ ቤተሰብ ይህን ሳያይ አይለፍ።

ሴንት ኦላፍ ከሚኒያፖሊስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሚያስተምረው ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው፤ 3,000 ገደማ የሚሆኑት ተማሪዎቹም በአብዛኛው የሚኖሩት በግቢው ውስጥ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ያደገ ልጅ እዚህ ቤቱን ያገኛል፤ በ1912 የተቋቋመው መዘምራኑ ያለ መሣሪያ በሚያሰማው ዝማሬ በአገሪቱ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ወላጅ የሴንት ኦላፍን የተጻፈ ዋጋ አይቶ ወዲያው ይተወዋል። ይህ ስሕተት ነው እላለሁ። ኮሌጁ ተቀባይነት ያገኘ ተማሪ ቤተሰቡ ሊከፍል ይችላል ብሎ ካሰላው በላይ የሚጎድለውን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እሸፍናለሁ ይላል፤ ከዚህ ውስጥ ብድርና የግቢ ሥራ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ውጤት ላለው የአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ ውድ የሚመስለው ሊረክስ ይችላል። በሁለቱም ድረ ገጾች ላይ ያለውን የተጣራ ዋጋ ማስያ (ከነጻ እርዳታ በኋላ የሚቀረውን ክፍያ የሚገምተውን) ከፍታችሁ ገቢያችሁን አስገቡና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ብድሩን ከነጻ እርዳታው ለዩት።

አንድ ስጋትም አለ። የፊንላንድ ስደተኞች በ1896 በሚሺጋን ሃንኮክ የመሠረቱት ኮሌጅ፣ በኋላ ፊንላንዲያ ዩኒቨርሲቲ የተባለው፣ በ2023 ተዘግቶ ተማሪዎቹ ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ትንሽ ተቋም ስትመርጡ፣ የትኛውም ይሁን፣ ባለፉት አምስት ዓመታት የተማሪው ቁጥር ጨምሮ እንደሆነ ወይም ቀንሶ፣ ክሬዲቱንም (ተማሪው ኮርስ ሲያልፍ የሚያገኘውን ነጥብ) የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉት እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።