«70 ዲሲቤል» የሚል ቡስተር ለምትገዙ የጅማ ነዋሪዎች

በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኔትወርክ ያስቸገራቸው ብዙ የጅማ ነዋሪዎች «70 ዲሲቤል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የኔትወርክ ቡስተር (በውጪ አንቴና የተቀበለውን ደካማ ሲግናል አጉልቶ በቤት ውስጥ አንቴና የሚያሰራጭ ሳጥን) እየገዙ ስለሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጎረቤቴ መርካቶ ከሚገኝ ሱቅ ገዝተው እንድመረምርላቸው ያመጡልኝ ዕቃ ስልኩ ላይ ሙሉ ሲግናል ያሳያል፤ ጥሪ ግን አይገባም፣ ቢገባም ይቆረጣል። ሻጩ ችግሩ የአካባቢው ነው በማለት መልሶ ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነም።

70 ዲሲቤል ማለት ኃይልን 10 ሚሊዮን ጊዜ ማጉላት ነው። የቤት ውስጥ አንቴናው የሚያሰራጨው ወደ ውጪው አንቴና ተመልሶ ከገባ፣ ማይክሮፎን ስፒከር አጠገብ ሲሆን እንደሚያፏጨው፣ ማጉያው የራሱን ሲግናል እየደጋገመ ያጎላል። አብሮ የሚሰጠው ገመድ አጭር በመሆኑ አንቴናዎቹን በበቂ ማራራቅ አይቻልም።

ዋናው ጉድለት ግን ከውስጥ ነው። አንቴናዎቹን ነቅዬ ግብዓቱንም ውጤቱንም ቡስተሩ በተሠራበት መጠን፣ በትክክለኛ 50 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ስዘጋው ጸጥ አለ። በውጤቱ በኩል አብሮት የተሸጠውን ባለ 75 ኦም የቴሌቪዥን ገመድ ጫፉ ክፍት እንደሆነ ስሰካ ግን፣ ምንም ሲግናል ሳይገባበት፣ በስፔክትረም አናላይዘሩ (ሲግናሎችን በየድግግሞሻቸው የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ብቅ አለ፣ ማለትም ቡስተሩ በራሱ ሲግናል ማመንጨት ጀመረ፤ ሳጥኑም ወዲያው ይግል ጀመር። የ75 ኦም ገመድ ከ50 ኦም ጋር ሲገናኝ የሚያንጸባርቀው 4 በመቶውን ኃይል ብቻ ስለሆነ በራሱ ከባድ ጥፋት አይደለም። ጫፉ ክፍት ሲሆን ግን የሄደው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉ ይመለሳል፤ በክረምት ዝናብ ኮኔክተሩ ውኃ ሲይዝ ወይም አንቴናው ሲላቀቅም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። በሚገባ የተነደፈ ማጉያ ይህን ችሎ መረጋጋት ይኖርበታል፤ ያውም በሚሠራበት 900 ሜጋኸርዝ ብቻ ሳይሆን፣ ትራንዚስተሩ (የሚያጎላው ክፍል) ማጉላት በሚችልበት ድግግሞሽ ሁሉ። ለዚህ ጥቂት ዲሲቤል መሥዋዕት አድርጎ ሬዚስተር (ትርፍ ኃይልን የሚውጥ ክፍል) ማስገባት የተለመደ ነው። በከፈትኩት ሳጥን ውስጥ ሬዚስተሩም፣ የማጉያ ደረጃዎቹን የሚለያየው የብረት ክዳንም የሉም፤ በእኔ እምነት ይህ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ለመጻፍ የተደረገ ቁጠባ ነው።

በራሱ ሲግናል የሚያመነጭ ቡስተር የኔትወርክ ማማውን ተቀባይ ስለሚያውክ ጉዳቱ ለጎረቤትም ይተርፋል። የግድ የምትገዙ ከሆነ በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቁ፤ ካልሠራ እንደሚመለስም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።