ሕፃን ይዛችሁ ልትጓዙ ነው? «የጥርስ ፓኬጅ» የሚሉትን እንዳትገዙ

በዓል ደርሷል፣ ብዙ ሰው ሕፃን ታቅፎ መንገድ ይወጣል። ቴሌግራም ላይ «ጥርስ ለሚያወጣ ልጅ የመንገድ ፓኬጅ» እየተባለ የሚሸጥ ዕቃ አለ። እኔ 1,850 ብር ከፍዬ ተሸውጃለሁ።

ልጄ 8 ወሩ ነው። የታች ሁለቱ ጥርሶች ወጥተዋል፤ የላዮቹ ድዱን አሳብጠውት ሳለ ነው ደሴ አማቴ ጋ የሄድነው። ለሃጩ ደረቱን ያረጥበዋል፣ ያገኘውን ይነክሳል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሳስበው ጨነቀኝ። ሻጩም ይህችን ጭንቀት ያውቃታል። «እህቴ፣ ደሴ እስክትደርሺ ያስተኛልሻል፤ ኦሪጅናል ነው፣ ሦስት ብቻ ቀርቷል» አለኝ። ሕፃን ሙሉ ቀን የሚያስተኛ ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

ፓኬጁ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ውስጡ ፈሳሽ ያለው መንከሻ፣ የድድ ጄልና «የአምበር» ሐብል፤ አምበር የጥንት ዛፍ ሙጫ ነው።

መንከሻው ደብረ ሲና እንኳን አልደረሰም። ሁለቱ ጥርሶች ቀደዱትና ሰማያዊ ፈሳሽ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። ፈሳሹ ምን እንደሆነ ማሸጊያው ላይ አልተጻፈም።

ጄሉን ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ሸዋ ሮቢት ለምሳ ስንወርድ አጠገቤ የነበረች ልጅ ቱቦውን አንስታ አነበበችው። ፋርማሲ ትሠራለች። «ቤንዞካይን አለበት እኮ፣ ለሕፃን አይሆንም!» አለችኝ። ቤንዞካይን ማደንዘዣ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይቀባ አስጠንቅቋል። አልፎ አልፎ ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ከንፈር ይጠቁራል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሊገድልም ይችላል። ጥቅሙም ቢሆን ለሃጩ ወዲያው ያጥበዋል።

ሐብሉን ሳስብ ግን አሁንም ያንቀጠቅጠኛል፤ አንገቱ ላይ እንዳለ እቅፌ ውስጥ ተኝቷል። በዚያው ዓመት ይኸው መሥሪያ ቤት የ18 ወር ሕፃን በእንቅልፉ በአምበር ሐብሉ ታንቆ መሞቱን ተናግሯል። ክሩ ከተበጠሰ ደግሞ ዶቃው ጉሮሮ ይዘጋል። «በገላው ሙቀት ሕመም የሚያስታግስ ዘይት ይለቃል» የሚሉት ወሬ ነው። አምበር በገላ ሙቀት ምንም አይለቅም። የእኔ ግን አምበርም አልነበረም። በጋለ መርፌ ነካሁት፣ የተቃጠለ ፌስታል ሸተተኝ።

ገንዘቤን ስጠይቅ «ተጠቅመሽበታል፣ አይመለስም» አለና ብሎክ አደረገኝ።

ደሴ ስንገባ ልጁ እሳት ሆኗል፣ 38.9። ጎረቤት መጥታ «ይሄማ ግግ ነው፣ የሚነቅል ሰው አውቃለሁ» አለች። ይኼኛው ከእኔ ፓኬጅ የባሰ ግብይት ነው። ድድ ተፈልፍሎ ያልበቀለ ጥርስ ይወጣል፤ ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ቋሚው ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። አማቴ ዕድሜ ይስጣቸው፣ «ልጄን በጉጠት የሚነካ የለም!» ብለው ጤና ጣቢያ ይዘውን ሄዱ። ነርሷ ጥርስ እንዲህ አያተኩስም አለችን። የታመመው ጆሮው ነበር። ቀኑን ሙሉ ጆሮውን ሲጎትት እኔ ጄል እቀባለሁ።

ስንመለስ የያዝኩት በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅና ውስጡ ምንም የሌለው ተራ የላስቲክ ቀለበት ነው። እጄን ታጥቤ ድዱን በጣቴ አሸዋለሁ፣ ሲነጫነጭ አጠባዋለሁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ትንሽ አለቀሰ። ታዲያ ሕፃን አይደል?

ትናንት ያው ፎቶ በሌላ ስም ተለጥፎ አየሁት። ዋጋው 2,200 ገብቷል፣ አሁንም «ሦስት ብቻ ቀርቷል»።