ዶት ኮም ወይስ ዶት ኢቲ? ለሰሜን ሸዋ ነጋዴ

ደብረ ብርሃን ላይ ሆቴል ያለው ሰውና መንዝ ላይ ባና እያሠራ የሚሸጥ ሰው አንድ ዓይነት ዶሜይን (የዌብሳይት አድራሻ ስም) አያስፈልጋቸውም። የሆቴሉ እንግዳ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድቶ የሚመጣ ነው። የባናው ጥሩ ገዢ ግን ውጭ አገር ሊሆን ይችላል። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ገዢያችሁ የት እንዳለ እዩ።

ዶት ኢቲ (.et) በኢንተርኔት አድራሻ መጨረሻ ላይ የሚገባ የኢትዮጵያ መለያ ኮድ ነው፤ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ለንግድ ድርጅት የሚሆነው ዶት ኮም ዶት ኢቲ (.com.et) ነው። ያየው ሰው ወዲያው የኢትዮጵያ ድርጅት መሆኑን ያውቃል፤ ጉግልም እንደዚያው ይረዳዋል። ክፍያው በብር ነው። የፈለጋችሁትን አጭር ስም የማግኘት ዕድላችሁም ሰፊ ነው፤ በዶት ኮም ግን ጥሩ ጥሩው ስም ከተያዘ ቆይቷል። ችግሩ የሰው ልማድ ነው። በስልክ አድራሻ ስትነግሩት "ኮም" ሲሰማ እዚያው ያቆማል። የመጨረሻዋን ኢቲ ከረሳ ደግሞ የሌላ ሰው ገጽ ላይ ሊገባ ይችላል።

ዶት ኮም ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የማንም አገር ኮድ አይደለም። የጅምላ ዋጋው (ሻጮቹ ራሳቸው የሚከፍሉት) በዓመት ከ10 ዶላር ጥቂት ከፍ ይላል። ዶላር ካርድ ከሌላችሁ በብር የሚሸጡላችሁ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ (ዌብሳይት የሚያስቀምጡ) ድርጅቶች አሉ። የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ ግን አያታልላችሁ፤ የእድሳቱን ዋጋ ጠይቁ።

የሌላ አገር ኮድስ? ዶት አይኦ፣ ዶት ኤአይ፣ ዶት ሚ ሲባል ያምራል። ግን ባለቤት አላቸው። ዶት ኤአይ የአንጉይላ፣ ዶት ሚ የሞንቴኔግሮ ነው። ዶት አይኦ የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት ኮድ ነው፤ ብሪታንያ ደሴቶቹን ለሞሪሸስ ለማስረከብ በ2025 እ.ኤ.አ. ስምምነት ፈርማለች። የአገር ጉዳይ ሲቀየር የኮዱም ደንብ ሊቀየር ይችላል። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ብዙ እንግሊዛውያን የኅብረቱን ኮድ የያዘ ዶት ኢዩ አድራሻቸውን አጥተዋል። "ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ ዶት ዩኤስ ያውጣልኝ" የምትሉም አላችሁ። ዶት ዩኤስ ከአሜሪካ ጋር ግንኙነት ላለው ሰው ወይም ድርጅት ብቻ ነው። ወንድም በራሱ ስም ካወጣው ደግሞ ዶሜይኑ የወንድም ሆነ ማለት ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለደብረ ብርሃን ሆቴል፣ ለሸዋ ሮቢት አትክልትና ፍራፍሬ ነጋዴ፣ ጨረታ ለሚወዳደር ሁሉ ዶት ኮም ዶት ኢቲ ይሻላል። አንኮበር ወይም ጓሳ ለሚመጣ ቱሪስት አልጋ ለምታከራዩና ባና ወደ ውጭ ለምትልኩ ደግሞ ዶት ኮም ይበቃል። አቅም ካለ ሁለቱንም ያዙና አንዱ ወደ ሌላው እንዲመራ አድርጉ፤ ኢቲዋን መርሳት የሚያመጣው ጣጣም አይኖርም።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ዌብሳይት ለሚሠራላችሁ ልጅ ቀሪውን ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ በዓይናችሁ እዩ። ስሙም ኢሜይሉም የእናንተ ይሁን። የእድሳት ማሳሰቢያ የሚመጣው በዚያ ኢሜይል ነው።